በዳንቴል ሥር የምትሠራው ካርድ

ትንሿን ካርድ ነው የገዛነው፤ ደብተሬ ላይ በሁሉም መስመር የተሸነፈችውን። የሥራ ባልደረቦቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። መካኒሳ ካለ ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ሽፋንና የሠርግ መጥሪያ ስሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ የምውል ሰው ነኝ። እንደኔ ያለ ሰው ሁለት አሮጌ ግራፊክስ ካርዶች አወዳድሮ ደካማውን መረጠ ቢባል ማን አይስቅም? እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ምክንያቱን ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ግራ እጅ ነው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ባለ ተሳቢ መኪና ነድቷል። ከወደብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደብ። ልጅነቴን ሳስብ የሚታየኝ በር ላይ ነው፤ ወይ ሲገባ፣ ወይ ሲወጣ። አንድ ቀን ጠዋት ካልሲውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ከዳው። እግሩ ቀስ እያለ ተመለሰለት፤ በከዘራ ይራመዳል። እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደ ተረሳ ጓንት ቁጭ አለ። መኪናውን ባለቤቱ ለሌላ ሾፌር ሰጠው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ለጤነኛም ፈተና ነው። ስለዚህ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አደረግንለትና ታች ያለውን መንገድ እያየ መዋል ጀመረ። "ያ ሚኒባስ ሁለተኛ ማርሹ አይገባም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ባለሙያ ኮስታራ ነበረች። "ያልሠራ እጅ ይረሳል" አለችን። "በእነዚህ ወራት ጣቶቹ ካልጨበጡ እንዲሁ ሊቀሩ ይችላሉ።" የጎማ ኳስም ሰጠችው፤ በቀን መቶ ጊዜ እንዲጨብጣት። ቤት ስንደርስ ኳሷን ለድመቷ ወረወረላት።

"እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ፣ ኳስ የምታስይዙኝ?" አለ።

እናቴ ለመነችው፤ እኔ ተቆጣሁት። እሱ ግን በልመናም በቁጣም የሚነዳ ሰው አይደለም። የመኪና ጌም ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ሲቀይር አንዱን አሮጌ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የጌም መሪ ገዛሁና የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩ። ስለ እጁ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። "የፈረንጅ አገር መንገድ ልታይ ትፈልጋለህ?" ብቻ አልኩት።

በመጀመሪያው ቀን ቀኝ እጁን መሪው ላይ ጣለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ያላየነው መስሎት፣ ግራውን በቀኙ አንስቶ ከጎኑ አስቀመጠው። እናቴ ወደ ኩሽና ገብታ የቧንቧ ውሃ ከፈተች። እናቴ ስታለቅስ ውሃ ትከፍታለች።

"ይሄ አገር ሰው የለውም እንዴ?" አለ አባቴ ጥቂት እንደነዳ። "ፍየል የለ፣ አህያ የለ፣ ኬላ የለ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሾፌር ይተኛል እንጂ አይነዳም።"

አለ እንጂ አልተነሳም። የተነሳው ራሱን ሲያዞረው ነው።

ችግሩ ምስሉ ነበር። ኮምፒውተሩ ለጽሑፍ ሥራ የተገዛ ስለሆነ የራሱ ግራፊክስ ካርድ አልነበረውም፤ መንገዱ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። ጤነኛ ዓይን ይለምደዋል። የአባቴ ጭንቅላት ግን ከሕመሙ ወዲህ መቆራረጡን አይችለውም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ላብ ያጠምቀዋል፣ መሪውን ይለቅና ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ግራ እጁም መሪው ላይ የተጫነ ተሳፋሪ ሆኖ ቀረ፤ ተቀምጧል እንጂ አይጨብጥም። ለሌላው ሰው የጌም ማማር አለማማር የሆነው ነገር ለእኛ የአንድ እጅ ጉዳይ ሆነብን።

መሪውን ወደገዛሁበት ሱቅ ተመለስኩ። ባለ ሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። ሁለት ካርዶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ።

"ሁለቱም አርጅተዋል" አለ። "ግን ሁለቱም ይተነፍሳሉ።"

አንደኛው ክንድ የሚያክል፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ባለ ስምንት ጊጋ ነው። ሁለተኛዋ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ፣ ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ባለ አራት ጊጋ ናት። ትልቁ ለብቻው የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል፤ ትንሿ ከማዘርቦርዱ ላይ ባገኘችው ትኖራለች። የትልቁ ዋጋ የትንሿን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"ይሄ ማይኒንግ ሲሠራበት የኖረ ነው እንዴ?" አልኩት ትልቁን እያገላበጥኩ። ለማይኒንግ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ ለማምረት፣ ሌት ተቀን የነደደ ካርድ ዕድሜው እንደሚያጥር አውቃለሁ።

"እኔ ስገዛው አልነገረኝም፣ እህቴ" አለ።

ሳቄ መጣ። ለመዋሸት አለመሞከሩን ወደድኩለት። "መታወቂያሽን አስቀምጪና ሁለቱንም ወስደሽ ሞክሪ" አለኝ። "የሚስማማሽን ይዘሽ ሌላውን መልሺ።" ለትልቁ ኤሌክትሪክ የሚመግብ ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይም አዋሰኝ። ሁለቱን ካርዶች በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል አቅፌ አራቱን ፎቅ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ዳንቴል መናገር አለብኝ። የእናቴ ዋና ጠላት አቧራ ነው፤ የጀሞን አቧራ ደግሞ የኖረበት ያውቀዋል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል፦ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ መሥራት ካቆመ ዓመታት ያለፉት ራዲዮ ሳይቀር። ያለ ዳንቴል የምንኖረው እኔና ድመቷ ብቻ ነን። ሲፒዩ የምንለው የኮምፒውተሩ ሳጥንም ቤታችን በገባ በሳምንቱ ነጭ ዳንቴል ለበሰ። ዳንቴሉ ለሲፒዩው ተብሎ የተሠራ አልነበረም። አባቴ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጠባቂዎቹ እናቴን ወደ ውስጥ አላስገባ ሲሏት፣ ኮሪደር ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ በኪሮሽ የሠራችው ነው። መሐሉ ላይ ትልቅ አበባ አለው። የአበባው አንዱ ቅጠል ከሌሎቹ ይጠባል፤ ዶክተሩ መጥቶ ያነጋገራት እሱን ስትሠራ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ግን ማታ ከሥራ ስመለስ ዳንቴሉን ከሲፒዩው ላይ ገፍፌ ሶፋው ላይ እወረውረው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ሙከራውን በደብተር ያዝኩት። አንድ ዓይነት መንገድ፣ አንድ ዓይነት ዝናብ፣ አንድ ዓይነት ዳገት። ትልቁ ካርድ በሰከንድ ስልሳ ያህል ምስል ያወጣል፤ ትንሿ አርባን ብታልፍ ነው። በትልቁ የሩቁ ተራራ ይታያል፣ የመኪናው መስታወት ላይ የዝናቡ ጠብታ ይቆጠራል። በትንሿ ተራራው ጉም ነው፣ ጠብታውም ጭረት። ዋጋው እጥፍ ቢሆንም አላመነታሁም። ለአባቴ መንገድ እየገዛሁ ጉም አልገዛም አልኩ።

ማታ ማታ የምለካው እኔ ነኝ፤ ቀን ቀን የሚነዳው ደግሞ እሱ ነው። መጀመሪያ ትልቁን አስገብቼለት ሦስት ቀን ነዳ።

"እንዴት ዋለ?" እለዋለሁ ስገባ።

"ሲነሳ ጥሩ ነው" ይላል። "ትንሽ ከተጓዝን በኋላ ግን ይደክመዋል።"

"የሚደክመው ማን ነው? አንተ ነህ ካርዱ?"

"መኪናው።"

ዳንቴሉን አንስቼ፣ ተቀምጬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ነዳሁ። መንገዱ እንደ ቅቤ ነው። "አየህ? ምንም አልሆነም!" አልኩት። አባቴ ሶፋውን አየት አደረገና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቀጥሎ ትንሿን አስገባሁለት። በማግስቱ ስመለስ ፊቱ ላይ ላብ የለም። "ዛሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ" አለኝ። "ሲሚንቶ ጭኜ።" እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ "ምሳ እንኳን የበላው እየነዳ ነው" ብላ ከሰሰችው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደብተሬን ገልጬ አርባዋን ቁጥር አሳየሁት።

"ይቺ እኮ ደካማ ናት፣ አባዬ።"

"ይቺ ትሻላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ገባኝ አልኩ። ለእኔ አዝኖ ነው። ርካሿን የሚያሞግሰው ደሞዜን አስቦ ነው። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው፤ ከመንገድ ለእኛ ሐብሐብና አዲስ ጫማ ጭኖ ሲመጣ የራሱ ሸሚዝ አንገቱ የተበላ ነበር። ደሜ ፈላ።

"ለእኔ አትዘንልኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ስለ ብሩ ማን ጠየቀህ? አንተ ስለ እጅህ አስብ!"

ለሳምንታት የደበቅነውን ቃል አወጣሁት። እናቴ በጨርቅ የምታብሰውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ግን አልተቆጣም።

"ስለ እጄ መሆኑን አውቃለሁ እኮ" አለ በለሆሳስ። "መሪውን ያመጣሽ ዕለት ነው ያወቅኩት። ኳስ እንቢ ላለ ሾፌር መሪ ይሰጠዋል። ጎበዝ ነሽ።"

አፈርኩ። ማፈሬ ግን ግትርነቴን አልቀነሰውም። ትንሿን አውጥቼ ትልቁን መልሼ ገጠምኩና በማግስቱ ማታ ሄጄ ሒሳቡን ልከፍል ወሰንኩ።

በማግስቱ ወሩ በገባ ሃያ አንድ ነበር፤ እናቴ ጠዋት ሀና ማርያም ትሳለማለች። እኔ ሥራ ገብቼ ገና አንድ ሽፋን ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። የማተሚያ ቤቱ ጄኔሬተርም ናፍጣ አልነበረውም። እስከ ረፋድ ጠብቀን አሰናበቱን። ታክሲ ይዤ ጀሞ ደረስኩ፤ የእኛ ሰፈር መብራት አለ። ደረጃውን ወጥቼ በሩን በቁልፌ ስከፍት የካርዱ ማራገቢያዎች ጩኸት ነው የተቀበለኝ። ኮረኮንች ላይ ዳገት የያዘ ሎንቺና ነው የሚመስለው።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይነዳል። የሸሚዙ አንገትጌ በላብ ርሷል። ስክሪኑ ላይ መንገዱ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል። በግራው በኩል ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲፒዩ ዳንቴሉን ለብሷል። ለብሷል ስል እንዲሁ ጣል አልተደረገበትም። እናቴ አራቱንም ጎን እኩል አውርዳ፣ ከኋላ አየር የሚያወጣበትን ሁሉ ሸፍና፣ ማብሪያዋ ብቻ እንድትታይ አንዱን ጥግ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባለታለች። እጄን ብጭንበት እንደ ካውያ ያቃጥላል።

"እማዬ እየሠራ ነው እንዴ የምትሸፍነው?"

አባቴ ዘወር አላለም። "አቧራ እንዳይገባበት" አለ። "መስኮቱን ስትከፍት ትሸፍነዋለች። በየቀኑ ነው።"

"አንተስ ዝም ትላታለህ? ታፍኖ እኮ ነው! የሚደክመው ለዚህ ነው!" ብዬ ዳንቴሉን ልገፈው እጄን ሰደድኩ።

የእጄ አንጓ ተያዘ።

መጀመሪያ ያየሁት ዳንቴሉን ነው፤ አልደረስኩበትም። ቀጥሎ አንጓዬን አየሁ። አምስት ጣቶች አንጓዬን ከበውታል። ቀኝ እጁ መሪው ላይ ነበር።

"ተይው" አለ አባቴ።

"አባዬ…"

"ተይው አልኩሽ። ሠላሳ ዓመት ሞተር የነዳሁ ሰው ሞተር ሲታፈን የማላውቅ መሰለሽ? በመጀመሪያው ቀን ነው ኮፈኑን ዳስሼ ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን አትነግራትም? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"አንድ ቃል" አለ። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። "እሷን ሠላሳ ዓመት አይሆንም ስላት ነው የኖርኩት። በዓልን እቤት ዋል ስትለኝ፣ አይሆንም፣ ጭነት አለ። ልጅቷ አሟታል እደር ስትለኝ፣ አይሆንም፣ መርከብ ገብቷል። አንድ ቀን እንኳ ወደቡን አሳየኝ ብትለኝ፣ አይሆንም። እኔ እንጨት ሆኜ ስተኛ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ይህን ሠራች። አሁን ይህንንም አንሺልኝ፣ አይሆንም ልበላት?"

ደብተሬ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር የለም።

"ትንሿ ብዙ አትበላም፣ ብዙም አትሞቅም" አለ ድምፁን እንደ ሻጭ ዝቅ አድርጎ። "ልብሷን እንደለበሰች ቀኑን ሙሉ ትነዳለች። የአንቺ ትልቁ ጌታ ደግሞ እርቃኑን ካልሆነ አይሠራም። ለእኛ ቤት የምትሆነው ትንሿ ናት።"

ስክሪኑ ላይ መኪናው መንገዱን ስቶ ከነተሳቢው የሰው እርሻ ውስጥ ገባ። ሁለታችንም አላየነውም። እኔ የማየው ጣቶቹን ነበር። እሱም የማየውን ተከትሎ ቁልቁል ተመለከተ። የያዘኝ በየትኛው እጁ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቀው። አልለቀቀኝም። ይልቅ የበለጠ ጠበቅ አደረገው፤ አመመኝ፤ እንዲያመኝ ፈለግኩ። አውራ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ትንሿን ጣት፣ እየፈታ ለቀቀኝ።

"ለእናትሽ ስለ ጨርቁ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ትልቁን ካርድ ነቀልኩ። ትንሿን አስገብቼ ሳጥኑን ዘጋሁና ዳንቴሉን እንደነበረ አለበስኩት። ጠባቡን የአበባ ቅጠል ወደ አባቴ ወንበር አዞርኩለት። ዳንቴሉን መልሼ ሳለብሰው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ጠበል የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጇ፣ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች ገባች። በሥራ ሰዓት እቤት ስታየኝ ደነገጠች። መብራት ጠፍቶ ነው አልኳት። ሲፒዩውን አየት አደረገችና የዳንቴሉን አንድ ጥግ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። ጠርሙሱን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ዓይኗ አንጓዬ ላይ አረፈ። ቀይ ሆኗል።

"ይሄ ምንድን ነው? ማን ነካሽ?"

"አባዬ ነው። ያዘኝ።"

"እንዴት አድርጎ ቢይዝሽ ነው እንዲህ የቀላው?" ብላ ወደ እሱ ልትቆጣ ዞረች። ከዚያ መሐል ላይ ቆመች። "በየትኛው እጁ?"

"በግራው" አልኳት።

እናቴ ለምን እንደያዘኝ አልጠየቀችም። ወደ ኩሽና ሄዳ ውሃ ትከፍታለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሄደችም። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ ቀጭን አንጓዋን ዘረጋችለት።

"እስቲ እኔንም ያዘኝ" አለችው።

አባቴ መሪውን ለቆ ያዛት።